የጠገበችው ድመት

በቺፉንዳ መንደር አማች መሆን እንግዳ መሆን ነው፤ ያውም ዕድሜ ልክ። ወንዱ ሚስቱን ተከትሎ እናቷ ግቢ ይገባል፤ ቤት ይሠራል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ጎተራ ይሞላል። ቤቱ ግን የሷ ነው፣ ልጆቹም የሷ ወገን ናቸው። ጠባዩ ያላማረ ለት የሚስቱ አጎት አስጠርተው «በል እንግዲህ፣ ይበቃል» ይሉታል፤ እሱም ዶማውንና ብርድ ልብሱን ይዞ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። የሚሰድበው የለም፣ የሚመታው የለም። እንግዳ እንደሚሸኝ ተሸኝቶ ይሄዳል፤ ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ያዩታል።

በናጋማ ግቢ እንዲህ ያሉ እንግዶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ትልቋን ልጃቸውን ኤስናርትን ያገባው ጃይሎሲ ነው፤ ሌላው ትንሿን ሊግኔትን ያገባው ፋክሰን። ሁለት አማች ባንድ ግቢ ሲኖር ብዙ ጊዜ ዓይንና ናጫ ይሆናል። እነዚህ ግን ይዋደዱ ነበር። ፋክሰን ተናጋሪ፣ ሳቂታ፣ ቶሎ ቱግ ብሎ ቶሎ የሚበርድ ሰው ነው። ጃይሎሲ ዝምተኛ ነው፤ ዝምታው እንደ ጨዋነት ይቆጠርለታል። መቼም ሰው ዝም ካለ ውስጡ ያለው ሁሉ ደህና ነገር ይመስለናል።

ጃይሎሲ የሚተዳደረው በአይጥ ነው። በቆሎው ተሰብስቦ ማሳው ሲራቆት ዶማውን ይዞ ይወጣል። የጉድጓዱን አፍ አይቶ ውስጡ አይጥ ይኑር አይኑር ያውቃል፤ አንዱን መውጫ በድንጋይ ይደፍንና በሌላው በኩል ቆፍሮ የሰቡትን የሜዳ አይጦች እየለቀመ ያወጣል። ቀቅሎ፣ ጨው ነስንሶ፣ በተሰነጠቀ እንጨት መሃል ደርድሮ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ፀሐይ ያስመታቸዋል። ሲደርቁ የሊሎንግዌ መንገድ ዳር ቆሞ እንጨቱን ላለፈው መኪና ሁሉ ያወዛውዛል። ሱፍ የለበሰ ባለሥልጣን ሳይቀር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይገዛዋል፤ የእናቱን ቤት ያስታውሰዋልና።

የናጋማ ድመትም አይጥ ትወዳለች፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ናጋማ ለጎረቤት ነገር መወርወር ሲያምራቸው ለእንስሳ ስም የሚያወጡ ሴት ናቸው። ድመቷን «ዛኮ» አሏት፤ «የራስሽን እዪ» እንደማለት ነው። በር ላይ ቆመው ድመቷን በጠሩ ቁጥር ማዶ ያለችው ጎረቤት የተላከላት ይደርሳታል። ዛኮ ከመጣች ወዲህ የግቢውን ጎተራ አይጥ ደፍሮት አያውቅም፤ ናጋማም ከልጆቻቸው እኩል ይወዷታል። ልጆቻቸው ደግሞ «እኩል ቢሆንማ ምን ነበረበት» ባይ ናቸው።

ጎተራውን ጠብቃ ስትጨርስ ግን ወደ ኩሽናው ግድግዳ ትሄዳለች። ጃይሎሲ ከመንገድ ሲመለስ አንድ እንጨት ወድቆ፣ ሁለት ሦስቱ አይጥ ጠፍቶ፣ እሷ ጥላ ሥር ተጋድማ እግሯን ስትልስ ያገኛታል። የአማትን ድመት በዱላ መንካት አማትን ከመንካት አይሻልም። ስለዚህ ዋጥ ያደርገዋል። ፋክሰንም አንድ ቀን የእርግብ ጫጩቶቹን በልታበት መንደሩ እስኪሰማ ጮኾ ነበር፤ «ይቺን ድመት አንድ ቀን ከአጥሩ ቅንጭብ ቆርጬ ወተቱን ዓይኗ ውስጥ ባልጨምቅባት ሰው አይደለሁም» ብሎ። ሁሉም ሳቀ። ማታውን እሱ ራሱ ዓሣ አጥንት ሲወረውርላት ታየ።

ከዚያ የናጋማ መካከለኛ ልጅ ዞምባ ከተማ መንታ ወለደችና ናጋማ እሷን ለማረስ ሄዱ። ቶሎ የሚመለሱ መስሏቸው ነበር፤ ከአንዱ አጨዳ እስከሚቀጥለው ቆዩ። ሊሄዱ ሲሉ ጃይሎሲ በር ላይ ጎንበስ ብለው፣ ፊቱን ሳያዩ ተናገሩት። አማትና አማች እዚያ አገር ዓይን ለዓይን አይተያዩም።

«አማቼ፣ ዛኮን ለእርስዎ ትቻለሁ። ሴቶቹ አይረቡም። እርስዎ ሰው ነዎት።»

«እሺ እማማ» አለ ጃይሎሲ፣ እሱም መሬት መሬቱን እያየ። ሲሄዱ ደስ አለው።

ያን ለት ከኤስናርት አሮጌ ጨርቅ ገመድ ገምዶ፣ አንገቷን እንዳይከረክራት አለስልሶ፣ ዛኮን ኩሽናው ምሰሶ ላይ አሰራት። ለሰው «ባለቤቷ ስትሄድ ድመት ቤት ትለቃለች፣ እንዳትጠፋ ነው» አለ። እውነትም ነው፤ ግን ያሰራት ለዚያ አይደለም። ለአይጦቹ ብሎ ነው። ደግሞም ሐሳብ ነበረው፤ አይጥ መብላት ለድመት እንደ ጠላ ሱስ የሚለቅ ነገር ይመስለው ነበር። ከርማ ካልቀመሰች ትረሳዋለች፣ እማማ ሲመለሱም ጨዋ ድመት ያገኛሉ፣ እኔም አርፋለሁ ብሎ አሰበ።

ክፉ ሰው ቢሆን ያስርባት ነበር። ጃይሎሲ ግን ክፉ አይደለም። ጧትና ማታ በገዛ እጁ ያበላት ነበር፤ ትኩስ ንሲማ ከቦሎቄ መረቅ ጋር አላልቶ፣ እንዳያቃጥላት በጣቱ ነክቶ። ቺፉንዳ ውስጥ ሰው ሥጋም ድንችም ሙዝም በልቶ ያችን ነጭ የበቆሎ ገንፎ ካልበላ «ዛሬ ሳልበላ ዋልኩ» ነው የሚለው። ስለዚህ ለዛኮ የሰጣት ዋናውን ምግብ ነው። እሷም ክብ ሆነች። ያየ ሁሉ «አማች ማለት እንዲህ ነው፣ የአማቱን ድመት እንኳ እንደ ልጅ» እያለ ያልፍ ነበር፤ ጃይሎሲም ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ይደሰት ነበር።

አንድ አመል ብቻ አልለቀቃትም። አይጦቹ ግድግዳው ላይ ሲሰቀሉ፣ ሆዷ ያን ያህል ሞልቶ እንኳ፣ ገመዱ እስኪወጠር ወደዚያ ትጎተታለች። ኋላ እግሯ ላይ ቆማ ትንጠራራለች፣ ትጮኻለች።

«ሆዷ ጠግቦ ዓይኗ አልጠግብ አለ እኮ» አለ ጃይሎሲ አንድ ቀን።

ፋክሰን አጠገቡ ዶማ ይስል ነበር። «ፍታት እንጂ አንተ። አንድ አይጥ ብትበላብህ ልትደኸይ ነው?»

«አንዴ ከቀመሰች አታቆምም።»

«አንተ ቀምሰህ አቆምክ?» አለ ፋክሰንና ብቻውን ሳቀ። ጃይሎሲ አልፈታትም። ቆይቶ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ዛኮ መጎተቱን ራሷ ተወችው። አመሉ ለቀቃት ብሎ ደስ አለው።

ናጋማ ሲመለሱ ግቢው ሞቅ አለ። ድመቷን ከእቅፋቸው አላወርድ አሉ። «እዩልኝ፣ እዩልኝ እንዴት እንደከበደች። አማቼ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ ወደ መሬት እያዩ። ገመዱን ፈትተው ለቀቋት። ዛኮ ጥቂት ሄደችና ሙቀጫው ጋር ተጋጨች። ሁሉም ሳቀ፤ ወፍራ ነው ተባለ። ዞራ የበሩን መቃን መታችው። ያኔ ሳቁ ቀነሰ። ናጋማ አንሥተው ፊቷን ወደ ፀሐይ አዞሩት፤ ያ ሁሉ ብርሃን እያለ የዓይኗ ጥቁር እንደ ጨለማ ቤት ወለል ብሎ ተከፍቷል። እጃቸውን ቢያወዛውዙ አትርገበገብም።

«ድመቴን አሳወሩብኝ» አሉ ናጋማ ቀስ ብለው። ከዚያ ፊታቸው ወደ ቅንጭቡ አጥር ዞረ።

የናጋማ ታላቅ ወንድም አጎት ዛካሊያ በሳምንቱ በብስክሌታቸው መጡ፤ ማንጎው ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። ነገሩ የድመት ብቻ አልነበረም። በአማት ንብረት ላይ እጁን ያነሣ አማች ነገ በአማቲቱ ላይ ያነሣል ነው የሚባለው። ፋክሰን የተናገረውን የሰማው መንደሩ ሁሉ ነው። እሱም አልካደም። «ብያለሁ። ስለ እርግቦቼ ተናድጄ ብያለሁ። አላደረግሁም» አለ። ደጋግሞ ይህንኑ አለ፤ ቱግ አለ፣ ድምፁ ከፍ አለ፣ ያም አልጠቀመውም።

አጎት ዛካሊያ ወደ ጃይሎሲ ዞሩ። «ድመቷ የነበረችው ባንተ እጅ ነው። ይሄ ሰው አጠገቧ ሲደርስ አይተሃል?»

ጃይሎሲ ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ሲያርፍ ተሰማው። «አላየሁም፣ ፋክሰን ይህን አያደርግም» ማለት ይችል ነበር፤ የሚያምነውም ይህንኑ ነበር። ግን ፋክሰን ካልሆነ ቀጥሎ የሚጠየቀው ጠባቂው ነው። «እኔ ሁልጊዜ ቤት አልነበርኩም» አለ። ይህም እውነት ነው። አጎት ዛካሊያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ አለቀ።

ፋክሰን በማግሥቱ ሄደ። ሊግኔት ልጇን አዝላ እስከ መንገዱ ሸኘችው፤ ጃይሎሲም አብሮ ሄደ፤ ምን ያድርግ። የጭነት መኪና ላይ ሊወጣ ሲል ፋክሰን እጁን ያዘው። «ጣሪያዬን አደራ፣ ዝናቡ ሳይገባ እይልኝ። ሊግኔት ብቻዋን ናት» አለው። አልተቀየመውም። ጃይሎሲ ቢቀየመው ይሻለው ነበር።

ጥቂት ቀን ሳይቆይ፣ የግቢው ሴቶች ማዶ ለቅሶ ሄደው ሳለ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ በሞተር ብስክሌት መጣች። ቴሬዛ ንካታ ነው ስሟ፤ ለመንደሩ «ዶክተሯ» ናት። የዶሮ ፈንግል ክትባት ይዛ ነው የመጣችው። ጃይሎሲ ዶሮዎቹን እያባረረ እየያዘ፣ እሷ ዓይናቸው ላይ ጠብ እያደረገች፣ ዛኮ ተንገዳግዳ መጥታ ቦርሳዋ ውስጥ በግንባሯ ገባች።

«ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?» አለች። አነሣቻትና የስልኳን መብራት ዓይኗ ላይ ፈነጠቀች። ወደ ሌላው ዓይን ዞረች። ደረቷ ላይም ጆሮዋን ለጠፈች። «ምንድነው የምትበላው?»

«ንሲማ። በደንብ አድርጌ ነው የማበላት፣ ከቦሎቄ መረቅ ጋር።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ያስፈልጋታል?»

«አይጥ» አለች ዶክተሯ። ከዚያ የጃይሎሲን ፊት አይታ ድመቷን አስቀመጠችና በተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጠች። «ስማኝ ወንድሜ። ለዓይንና ለልብ የግድ የሚያስፈልግ አንድ ነገር አለ። እኔና አንተ የበላነውን በልተን ሰውነታችን ራሱ ያዘጋጅልናል። ውሻም እንደኛ ነው። ድመት ግን አትችልም። ዘር ማንዘሯ ሥጋ ብቻ ሲበላ ስለኖረ ሰውነቷ ያንን ሥራ ትቶታል፤ ተሠርቶ ከመጣልህ ምን አለፋህ? አይጥ ውስጥ ሞልቷል። ንሲማ ውስጥ ቅንጣት የለም፤ ጎተራ ሙሉ ብትበላ አታገኘውም። ካጣችው መጀመሪያ የሚሞተው የዓይኗ ጀርባ ነው። ቀስ እያለ ነው፤ ከውጭ አይታይም። ቀጥሎ ልቧ ይደክማል።»

ጃይሎሲ አንድ ዶሮ ብብቱ ሥር ይዞ እንደቆመ ቀረ። «ቅንጭብስ? የቅንጭብ ወተት ቢገባት እንዲህ አያደርጋትም?»

«ቅንጭብ የነካው ዓይን ያብጣል፣ ይቀላል፣ ነጭ ይለብሳል። ይሄ ዓይን እኮ ጥርት ያለ ነው። ማነው ቅንጭብ ያለህ?»

«ማንም። እንዲሁ ሰው ሲያወራ።»

ዶሮውን ተቀበለችው፣ ጠብ አደረገችለት፣ ለቀቀችው። ጃይሎሲ መጠየቅ አልፈለገም፤ ግን ጠየቀ። «ጠግባ እያለችም አይጥ ስታይ ትጎተት ነበር። ሆዳምነት መስሎኝ ነበር።»

«ድመት ውስጥ ረሃብና አደን ጎረቤት ናቸው እንጂ ባንድ ቤት አይኖሩም» አለች። «አይጥ ትንሽ ናት፣ አንዷ ቁርስ እንኳ አትሆናት። ቀኑን ሙሉ ደጋግማ መያዝ አለባት፤ የምታመልጣት ደግሞ ከያዘቻት ትበልጣለች። እስኪርበኝ ልቆይ ብትል አለቀላት። ስለዚህ ኮሽ ካለ ትነሣለች፣ ጠገበችም አልጠገበችም። እየበላች እንኳ አይጥ ብታይ ምግቧን ትታ ይዛት ትመጣለች። እንዲያ ሆና ነው የተሠራችው፤ ምን ሆዳምነት አለው? ያንተዋ ደግሞ የሚያስፈልጋት ነገር ጎድሎባት ነበር።»

«ትድናለች?»

«ዓይኗ አይመለስም። ልቧ ግን ይተርፍ ይሆናል፤ ትኩስ አይጥ ስጣት። የቀቀልከውን አይደለም፣ ዋናው ነገር ከውሃው ጋር ይፈሳል።» ሞተሯን አስነሣች። «ሰሞኑን እዚሁ ማዶ ምፓምባ ነኝ። የድመቷ ባለቤት ከፈለጉኝ ላክብኝ፣ እኔው አስረዳቸዋለሁ።»

ከሄደች በኋላ ጃይሎሲ ኩሽናው ውስጥ ገብቶ ምሰሶውን አየ። ገመዱ የከረከረው ቦታ ልሙጥ ሆኗል። ያ ሁሉ ጊዜ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ትዝ አለው። እየለመነችው ነበር፤ እሱ ይስቅባት ነበር። ፋክሰን ፍታት ብሎት ነበር። ፍታት ያለው ሰው ተባርሮ፣ አልፈታም ያለው ተመስግኖ ቁጭ ብሏል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በጧት ወጥቶ የመጀመሪያዋን አይጥ በሕይወቷ ለዛኮ ያመጣላት ጀመር። ኩሽናው ወለል ላይ ሲለቃት ዛኮ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፣ ጢሟ ወደፊት ይመጣል፣ ከዚያ ዘላ ትይዛታለች። ዓይን የሌላት አትመስልም። ስትበላ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ያያታል። ለካ ይህችን ያህል ነበር የሚያስፈልገው፤ ከእሱ ከረጢት አንዲት አይጥ።

መናገር እንዳለበት ያውቃል። ለዚያም ነገሩን በሆዱ ስንት ጊዜ ደረደረው፤ በደረደረው ቁጥር መጨረሻው ላይ ዶማና ብርድ ልብስ ይመጣበታል። ፋክሰን ከተመለሰ የሚሄደው እሱ ራሱ ነው። ሴት ልጁ ያንኮ ገና ጥርሷ እየተነቀለ ነው፤ ማታ ማታ ጥርሷን እሱ ሲወዘውዝላት ካልሆነ ማንንም አታስነካም። ሳያውቅ ነው እኮ ያደረገው፣ በደግነት ነው፤ ይህንንም ለራሱ ይለዋል። ከዚያ ደግሞ ማንጎው ሥር የተናገረው ትዝ ይለዋል። ያን ለት ስለ ንሲማው ባያውቅም የፋክሰንን ልብ ያውቅ ነበር። ኤስናርት «ምን ሆነህ ነው ምግብ የምትገፋው?» ስትለው «ጨጓራዬ» ይላታል።

አንድ ጧት ሊግኔትን የራሷ ጣሪያ ላይ ወጥታ አያት። ልጇን መሰላሉ ሥር ጨርቅ ላይ አስቀምጣ፣ ሣሩን በጥርሷ ነክሳ፣ በሁለት እጇ የፈረሰውን ትጠግናለች። ሥራው የጃይሎሲ ነበር፤ አደራ የተባለው እሱ ነው። ከፊቷ መቆም አቅቶት ነበር የሸሸው። ሊግኔት ከላይ ሆና አየችውና «እንዴት አደርክ ወንድሜ» አለችው። ጃይሎሲ ዶማውን መሬት ላይ ጥሎ ወደ አጎት ዛካሊያ ቤት ሄደ።

በማግሥቱ ማንጎው ሥር ተቀመጡ። አማች ለአማቱ በቀጥታ አይናገርም፤ ቃሉን ለአጎት ይሰጣል፣ አማቲቱ ጎን ሆነው ይሰማሉ። ጃይሎሲ በምን እንደሚጀምር ሌሊቱን አስቦ ጨርሷል። መጀመሪያ የሚላት ቃል «ዶክተሯ» ናት። ዶክተሯ ድመቷን አይታለች፣ ዶክተሯ ምፓምባ ናት፣ አስጠሩና ጠይቋት። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይሁን።

አፉን ሊከፍት ሲል ያንኮ ከቤት ወጥታ መጣችና ከአያቷ ጉልበት ተደግፋ አየችው። የላላውን ጥርሷን በምላሷ እየገፋች ነበር።

«አጎቴ» አለ። «የድመቷን ዓይን ያጠፋው ፋክሰን አይደለም። እኔ ነኝ። አስሬ ንሲማ ብቻ ስላበላኋት ነው። አይጥ ስላላገኘች ነው የታወረችው።»

አጎት ዛካሊያ ጆሯቸውን ወደሱ አዘነበሉ። «ምን ስላበላሃት?»

«ንሲማ።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ንሲማ ዓይን የሚያጠፋ ቢሆን ይሄ አገር በሙሉ በመሪ ይሄድ ነበር እኮ። እኔ ሰባውን አልፌ ዶሮ የማን እንደሆነች ከዚህ ሆኜ እለያለሁ፤ ምን በልቼ መሰለህ?» ሴቶቹ በመቀነታቸው አፋቸውን ያዙ። ኤስናርት «ትናንት ጨጓራዬን ብሎኝ ነበር፤ ለካ ዓይኑን ፈርቶ ነው ምግብ የሚገፋው» አለችና ሳቁ ፈነዳ። ያንኮም ሰው ሲስቅ አይታ ሳቀች።

ጃይሎሲ አንገቱን ደፋ። ጉሮሮው ላይ «ዶክተሯ» የምትለዋ ቃል አለች። አንዴ ቢያወጣት ሳቁ ቀጥ እንደሚል ያውቃል። በሳቁ መሃል ግን ደረቱ ውስጥ ታስሮ የከረመው ነገር ፈታ ሲል ተሰማው። ተናገርኩ እኮ፣ ያላመኑኝ እነሱ ናቸው የሚል ነገር መጣበት። ይህ ሲመጣበት አፈረ፤ ግን ቃሏን ወደ ውስጥ መለሳት።

ናጋማ አልሳቁም ነበር። እንባቸውን በነጠላ ልብሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «ወንድሜ ንገርልኝ» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «ባልንጀራቸውን ለማስመለስ ብለው የሱን ጥፋት በራሳቸው ላይ ጫኑ። እንዲህ ያለ አማች ማን ሰጥቶኝ። ድመቴን እንደ ልጅ አበሉልኝ፣ ለባልንጀራም እንዲህ ሆኑ።»

«ነገሩስ ጨዋነት ነው» አሉ አጎት ዛካሊያ ሳቃቸው ሲበርድ። «ፋክሰን ያደረገውን አድርጓል፤ ያ አይመለስም። ወንዙ ዳር የነበረው የአትክልት መሬቱ ግን ጾሙን አይደር። ለጃይሎሲ ሰጥተነዋል።»

እዚያ አገር ስጦታ በጭብጨባ ነው የሚመሰገነው። ጃይሎሲ ምን እንደተባለ በቅጡ ሳይገባው መዳፎቹ ተገናኝተው፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ወጉ ሲያጨበጭቡ አያቸው።

ሁሉም ሲበተን ሊግኔት ምንጣፉን እየጠቀለለች ቀረች። እሷም አልሳቀችም ነበር። ልጇን ከጀርባዋ አስተካክላ ቀረብ አለችው።

«ያ የንሲማው ነገር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከራስህ ያመጣኸው ነው ወይስ ሰው ነግሮህ ነው? የነገረህ ካለ ንገረኝ። እግሬ እስኪነቃ ሄጄ አመጣዋለሁ። ያቺ የዶሮ ዶክተር ናት?»

ምፓምባ ከወንዙ ማዶ ናት፤ ቆመው ከተነጋገሩበት ቦታ የመንደሯ ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ይታያል። ጃይሎሲ ወደዚያ እንዳያይ ዓይኑን ልጇ ላይ አደረገ። ልጁ የፋክሰን ጆሮ አለው።

«ማንም አልነገረኝም» አለ። «እንዲሁ ሳስበው ነው።»

ሊግኔት ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ፣ ልጇን እንዳዘለች፣ ሴት ለትልቅ ውለታ እንደምታደርገው ሁለት ጉልበቷን መሬት ላይ አድርጋ ተንበረከከችለት።

«ይሁን። ሁሉም ዝም ሲል አንተ ብቻ ተናገርክለት። አልረሳልህም። በሚመጣው መኪና ለፋክሰን መልእክት እልክለታለሁ፤ ወንድሜ ጃይሎሲ እንዲህ አደረገልህ እለዋለሁ። ደስ ይለዋል።»

«ተነሺ» አለ ጃይሎሲ። አልተነሣችም፤ መልሱን ትጠብቅ ነበር።

«ሰላም በይልኝ» አላት።